ወፍ ጠባቂዋን ሊወስዱ የመጡት

ምስጢር ነው ብለው መጡ። ምስጢር የያዘ ሰው ግን ቁይ ገበያ መካከል መኪናውን አቁሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «የወፍ ነገር የምታውቀው ልጅ ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ያን ዕለት ደብረ ማርቆስ ከሴት ልጄ ቤት ሰንብቼ ወደ ወንዱ ልጄ ስወርድ ነበር። ከሚኒባስ ወርጄ ጨው ልግዛ ብል ጨው ሻጩ እየሰፈረልኝ፣ «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ከላይ የመጡ ሰዎች ሊወስዷት ነው አሉ። ለትልቅ ምስጢር ነው» አለኝ። ትልቁን ምስጢር ከጨው ሻጭ ሰማሁት ማለት ነው። ሰዎቹን ገና ሳላያቸው ናቅኋቸው፤ ካየኋቸው በኋላም ንቀቴን የሚያስተወኝ ነገር አላገኘሁም።

እኔ አንድ ቤት የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እግሬ መቀመጥ እምቢ አለኝ። ለንግሥ ዲማ እወርዳለሁ፣ አምበር እህቴ ዘንድ እሰነብታለሁ፣ ክረምቱን ደብረ ማርቆስ አሳልፋለሁ፣ ከጠበል ጠበል እዞራለሁ። የጋበዘኝም ያልጋበዘኝም ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ታዲያ በዚህ ሁሉ መዞር ብዙ ዓይነት እንግዳ አይቻለሁ፤ እኔም ራሴ እንግዳ ነኝና የእንግዳ ደግና ክፉ ይገባኛል።

ወንዱ ልጄ የሚኖረው ከዲማ አልፎ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ነው። ከላይ ጤፍ ይዘራል፣ ዝቅ ብሎ ማሽላ አለው። ማሽላ ደግሞ ጠላቱ ወፍ ነው። ግሪሳ የሚሉት አለ፤ ብቻውን ቢያዩት ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ሲመጣ ግን እንደ ደመና ሰማዩን ይዞ ነው። ያረፈበት ማሳ ላይ አገዳው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ እህሉ ፍሬ መያዝ ሲጀምር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእንጨት የተሠራ ማማ ላይ ይወጣል፤ ጅራፍ የሚያጮኸው ያጮኻል፣ ወንጭፍ የሚወረውረው ይወረውራል።

የልጄ ልጅ ያኔ አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ሌሎቹ ወፉ ሲመጣ ይንጫጫሉ። እሷ ግን ወፉ ገና ከወንዙ ማዶ እየተጠቀለለ ሳለ ከማማው ትወርድና ማንም ወደማያየው የማሳው ጥግ ሮጣ ጅራፏን ዘርግታ ትቆማለች። መጀመሪያ ባየኋት ጊዜ ስቄባታለሁ። ወዲያው ደመናው መጣ፤ ወደ ላይ ታጠፈ፣ ወደ ታች ታጠፈ፣ ሌሎቹን ልጆች ሁሉ ወዲያና ወዲህ አሯሯጠ፣ በመጨረሻ እሷ በቆመችበት ጥግ ሊያርፍ ሲዘቀዝቅ ጅራፏ ጮኸ።

«አንች፣ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«የፊተኛዋን አታይያት፣ እምዬ። እሷ አታላይ ናት። ከጎኗ ያለችውን እያት።»

አየሁ። ምንም አልታየኝም። የሚታየው ለእሷ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲኖረን እኛ አናወራም። ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ። እናቷ ሰው ፊት «ይቺ ደንባራ» እያለች ነበር የምትጠራት፤ ከልቧ ሳይሆን ልጇን ልትሸፍን። ከሌላ አገር መጥቶ የሚያስተምረው መምህር ግን ይህን ከየት ይወቀው? ደግ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ስልኩን ቀና አድርጎ ቀረጻትና ለዓለም ለቀቃት። «እማማ፣ ሰው እኮ በጣም ወደዳት!» ብሎ ሊያሳየኝ መጣ። «የወደዳትን ሰው ታውቀዋለህ?» አልኩት። ሳቀ። የተማረ ሰው መልስ ሲያጣ ይስቃል።

እንግዲህ ከወደዷት መካከል እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ቤት ስደርስ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባለ መነጽር፣ አንዱ ቀጭን፣ መካከላቸው የቀበሌው ሊቀመንበር እንደ ሙሽራ ሚዜ ተኮፍሷል። ምራቴ ጠላ ብታቀርብ በእጃቸው ገፋ አድርገው ከመኪናቸው የታሸገ ውሃ አስመጡ። ሰው ቤት ገብቶ የሰውን ጠላ የሚፈራ ሰው ስለ ጦርነት ሊያወራ ነው የመጣው።

«እማማ፣» አለ ባለ መነጽሩ፣ ድምፁን ደንቆሮን እንደሚያናግር ከፍ አድርጎ፣ «የወደፊቱ ጦርነት ወታደር አይኖረውም።»

«እሰይ!» አልኩ። «ታዲያ ምን ፍለጋ መጣችሁ?»

«የልጅቷን አእምሮ ነው የምንፈልገው።»

«አእምሮዋን ብቻ ከሆነ እሷን እዚህ ትታችሁልን ሂዱ።»

ሊቀመንበሩ ሳቁን በጋቢው ሸፈነው። ባለ መነጽሩ አልሳቀም። በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ አስረዳኝ። እንደ ወፍ መንጋ የሚበሩ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ፤ ብዙ ሆነው ይነሳሉ፣ ብዙ ሆነው ይወርዳሉ። መንጋው በየት ታጥፎ የት እንደሚወርድ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግን የለም፤ ማሽኑም አያውቅም። እሷ ታውቃለች። ወስደው ያስተምሯታል፣ እሷም ማሽኑን ታስተምራለች። አገር ይኮራባታል፤ ነገር ግን አገር አያውቃትም፣ ምስጢር ነውና።

«የት ነው የምትኖረው?» አልኩ።

«እሱን መናገር አንችልም።»

«ከማን ጋር ትበላለች?»

«ሁሉም ነገር የተሟላ ነው።»

«መቼ ትመጣለች?»

«ፕሮግራሙ ሲያልቅ።»

«መቼ ያልቃል?»

ባለ መነጽሩ ቀጭኑን አየው። ቀጭኑ ጫማውን አየ።

«እሺ፣ ዋሳችሁ ማነው?» አልኩ። እኛ አገር በሬ እንኳ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፤ ነገ ጉድ ቢወጣ አንገቱ የሚያዝ ሰው።

«ዋሳችን መንግሥት ነው፣ እማማ።»

«የመንግሥትስ ዋስ ማነው? እኔ በዕድሜዬ መንግሥት ሲሄድ ሲመጣ አይቻለሁ። የሄደውን የት ሄጄ አንገቱን ልያዘው?»

አሁን ሊቀመንበሩ እንኳ አልሳቀም። ልጄ «እማ፣ ተይ» አለኝ። ፊቱን ሳየው ገባኝ። ልጄ ሊሰጣቸው ነው።

ውጭ ወጥተን ከበረቱ ኋላ ቆምን። ልቆጣው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ማማ ላይ ቆማ ትቅር? ትምህርት ቤቱ አንድ ሰሞን ተከፍቶ አንድ ሰሞን ይዘጋል። የያዘችው ደብተር ገና አላለቀም፣ ልጅቷ ግን አደገች።»

«ደብረ ማርቆስ አክስቷ አለች።»

«አክስቷ የራሷን መች ቻለችና? ስሚኝ እንጂ። ሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር በተሰማ ቁጥር ልጄ ማሽላው ውስጥ ገብታ በሆዷ ትተኛለች። ታውቂያለሽ፣ አንችም ተኝተሻል። እዚያ ብትሄድ ከላይ ካለው ወገን ትሆናለች። ከታች ከምትሆን ከላይ ትሁንልኝ።»

 እንግዶቹን ናቅኋቸው፣ ሊቀመንበሩን ናቅሁት፣ ልጄን ግን መናቅ አቃተኝ። አባት ነው፤ ከታች ሆኖ ሰማዩን ሲያይ የኖረ አባት።

ልጅቷም ብትሆን እንደኔ አልነበረችም። ባለ መነጽሩን «እውነት እንደ ግሪሳ ይበራሉ? እውነት ይታጠፋሉ?» እያለች ስትጠይቀው ዓይኗ ውስጥ ያለውን አየሁት። መሄድ ፈልጋለች። የእሷን ነገር በስሙ ጠርቶ የመጣ ሰው እነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ እኛማ «ደንባራ» ነበር የምንላት።

በማግስቱ ሊፈትኗት ሆነ። ከማሽላው ማሳዎች በላይ ባለው የግጦሽ መስክ ላይ፣ ረፋድ ላይ፣ ምስጢሩን ሊያይ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት መቋሚያቸውን እንደያዙ መጡ። የሚያጠቡ እናቶች መጡ። ባለ መነጽሩ «እባካችሁ ራቅ በሉ፣ ይህ ጥብቅ ምስጢር ነው» እያለ ሲዞር፣ ሰው ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያለ የተሻለ ማያ ቦታ ይመርጣል።

ሳጥን ከፈቱ። ትንንሾቹ መሣሪያዎች እንደ ጢንዚዛ እያጉረመረሙ ተነሱ። አልዋሽም፣ ያምሩ ነበር። ከፍ ብለው ተሰበሰቡና አንድ ላይ ታጠፉ፤ ሰው ሁሉ አማተበ። ቀጭኑ ሰውዬ ከመስኩ ወዲያ ጫፍ ሄዶ እንዲቆም ተደረገ፤ እሱ ጠላት ነው ተባለ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፣ በየት እንደሚመጡበት እንዳያይ። ለልጅቷ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሰኩላትና ባለ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ፣ «የት እንደሚወርዱ እንዳወቅሽ በሹክሹክታ ንገሪኝ። በሹክሹክታ ብቻ» አላት። እሺ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ጢንዚዛዎቹ ወደ ወንዙ ሄዱ። ተመለሱ። ለሁለት ተከፈሉ፣ ገጠሙ። እኔ ልጅቷን ነበር የማየው። እግሯ ሄደ፤ ማለት ቆማ ሳለች ተረከዟ ተነሳ። ያኔ አየቻቸው ማለት ነው። ከዚያ አፏን ከፍታ ባላት ትንፋሽ ሁሉ ጮኸች።

«ኧረ ሰውዬ! በግራህ! በግራህ መጣብህ!»

ይህ ለምን እንደሆነ ላልገባው ልንገር። በእኛ ቆላ ወፍ ከማሳህ አባረህ ወደ ጎረቤትህ ስትሰድ ዝም አይባልም። «መጣብህ!» ትላለህ። ጎረቤትህ ከተኛ ይነሳል፣ ከተቀመጠ ይቆማል። እሱም ሲያባርር ለሚቀጥለው ይጮኻል። ከባለ ማሳው ጋር ተጣልተህ ዓመት ባትነጋገር እንኳ ወፍ ሲሄድበት ትጮኽለታለህ፤ ጠቡ ሌላ፣ ወፉ ሌላ። ሳይጮኽ የቀረ ሰው ታሪኩ ለልጁ ይተርፋል። ጩኸቱን የሰማ ደግሞ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይቀባበለዋል።

ተቀባበሉት። ከታች ማማ ላይ ያሉት ልጆች «በግራህ! በግራህ መጣብህ!» አሉ። ከእነሱ ታች ያሉት ተቀበሉ። ጅራፍ በየማሳው ይጮኽ ጀመር። መቋሚያ የያዙት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ። ከወንዙ ማዶ፣ መኪናውንም ሰዎቹንም ጨርሶ ያላየ አገር፣ «መጣብህ!» እያለ ሲመልስልን ሰማነው። ጥብቁ ምስጢር ወንዝ ተሻገረ።

ቀጭኑ ሰውዬ አገር ሲጮኽበት ጊዜ ጠላትነቱን ረስቶ ሮጠ። አንድ ጫማው ከመስኩ ጫፍ ያለው ረግረግ ላይ ቀረ። ጢንዚዛዎቹ የታዘዙበት ቦታ ወርደው ባዶውን ሣር ከበቡት። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ዳነ ብለው።

ባለ መነጽሩ ፊቱ ቀላ። ግን ሞኝ አልነበረም፤ ልጅቷ ከማሽኑ ቀድማ እንዳወቀች አይቷል። አጠገቧ ተንበረከከና እንደገና አስረዳት። እንደገና ሰደዱ። እንደገና ጮኸች። በሦስተኛው ጊዜ አፏን በእጇ እንድትይዝ አደረጋት። ያዘች። ጢንዚዛዎቹ ታጠፉ፣ ተጠቀለሉ፣ እሷ ዓይኗ ፈጠጠ፣ እንባዋ መጣ፣ የት እንደሚወርዱ ስትጠየቅ «አላውቅም» አለች። አፏ ሲዘጋ ዓይኗም ተዘጋ።

«ጠላት ነው እኮ!» አለ ሰውዬው፣ ትዕግሥቱ አልቆ። «ጠላትን ለምን ታስጠነቅቂያለሽ?»

«ታዲያ ሳይሰማ ይምጣበት?»

«አዎ! ሳይሰማ!»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች፤ ሰውዬው የተናገረውን እሱም እንደ ሰማ ለማወቅ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ትልቅ ሰው እንደምታርም ፈርታ፣ «ነውር ነው» አለችው።

ነውር ሲባል ሰውዬው ሳቀ። ሳቁ ከልቡ ነበር። ቀና ብሎ ለልጄ፣ «አይዞህ፣ ችሎታዋ ካሰብነው በላይ ነው» አለው። «ይህኛው የገጠር ልማድ ነው። በትንሽ ጊዜ እናስለቅቃታለን።»

እዚህ ላይ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር። ምላሴ ሞልቷል፤ ስድብ ስመርጥ ዘገየሁ። አላስፈለገኝም።

«ምኑን ነው የምታስለቅቋት?» አለ ልጄ።

«መጮኹን።»

ልጄ ወደ ልጁ ሄዶ ጆሮዋ ላይ ያለውን ነገር በዝግታ አወጣው፣ በኩታው ጫፍ ጠረገው፣ የተበደሩት ዕቃ እንደሚመለስ በሁለት እጁ ለባለ መነጽሩ ሰጠው።

«ሰውዬ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ምን ነካህ? ለአገር ነው እኮ!»

«አገር ሲጮኽ ሰማኸው አይደለም?» አለው ልጄ። ልጁን እጇን ይዞ ወደ ቤት ወረደ።

ሰዎቹ ጢንዚዛቸውን ለቀሙ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው፣ የተበደሉት እነሱ ሆኑ። «ስንት መንገድ መጥተን!» ይላል አንዱ። «ጫማዬስ?» ይላል ሌላው፣ እግሩን እንደ ዶሮ አንስቶ። አንዲት ሴት ጫማውን ከጭቃ አውጥታ፣ አጥባ አመጣችለት። አመሰግናለሁ እንኳ አላላትም። ባለ መነጽሩ መኪና ሲገባ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለእኔ፣ «ዕድሏን ዘጋችሁባት፣ እማማ» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። የምመርጠው ስድብ ሁሉ ለእሱ በዛብኝ።

በሰው አልፈርድም እላለሁ፣ እፈርዳለሁ ግን። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ የሰፈሩ ሰው፣ ያ «በግራህ» እያለ ሲጮኽ የነበረው፣ ልጄን ያማው ጀመር። ከተማ ትገባ ነበር፣ ለወንድሞቿ ትተርፍ ነበር፣ ይህ ድንጋይ ራስ አስቀራት፣ አሉ። ሊቀመንበሩ ሲያገኘው ሰላምታ ነፈገው። መምህሩ ብቻ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ይቅርታ» አለ። ጠላ ሰጠነው፣ ጠጣ። እሱን ከንቀቴ አውጥቼዋለሁ።

ልጅቷ ግን ታመመች ማለት ይቻላል። መሣሪያዎቹን ወዳቸዋለች። እንደሚያምሩ ያየች እሷ ናት፣ እንዴት እንደሚታጠፉ የገባት እሷ ናት፣ ከእጇ የወጡትም በእሷ አፍ ነው። ማማ ላይ አልወጣም አለች። እናቷ ብትቆጣ፣ ብታባብል፣ ወይ ፍንክች። አባቷ አጠገቧ ይቀመጥና ተነስቶ ወደ ማሳው ይወርዳል። አንድ ቀን፣ «እማ፣ አጥፍቻለሁ?» አለኝ። «አላጠፋህም» አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም። አሁንም ሰማይ ላይ ነገር ሲያጓራ ቀና ብሎ አይቶ፣ ከዚያ ልጁ ያለችበትን ነው የሚፈልገው።

አክስቷ ጋ ልውሰዳት አልኩ። የራሷን ባትችልም ትችላለች፤ እኔ ያሳደግኋት ልጅ አይደለችም? እህሉ ሲገባ እኔና እሷ ቁይ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በመኪና ልንሄድ ተነሳን። አባቷ እስከ መስኩ ጫፍ ሸኘን።  ዳገቱ ሲጀምር እኔ በትሬን ይዤ ከኋላ፣ እሷ ጓዟን ተሸክማ ከፊት ስንወጣ ድንገት ቆመች።

«እምዬ፣ ሰዎቹ ሌላ ልጅ ያገኛሉ?»

ልዋሻት አስቤ ነበር። ከእኔ ጋር ብዙ መንገድ የሚቀረው ሰው ግን አይዋሽም።

«ያገኛሉ» አልኩ። «ዝም በል ሲሉት ዝም የሚል ልጅ ሞልቷል።»

«ጠላት ያሉት ሰውዬስ? ማን ይጮኽለታል?»

ዳገቱ ከባድ ነበር። ትንፋሽ አጠረኝ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ መልሴን እየጠበቀች መንገዱ ላይ ቆመች።